የማክሰኞዋ እንቁራሪት

የአቃቂን ድልድይ ተደግፌ ቆሜ
ቆሎ ስቆረጥም፣ ታክሲ እስኪመጣ፣ ከቀን ድካሜ፣
ጥቅልሉን ፈትቼ ወደ ወንዙ ልጥል እጄን ስዘረጋ
ሐምራዊ እንቁራሪት ተጋድማ አየሁ፣ በድንጋይ አልጋ።
ገጽ ሰባት።
ከጥጉ ላይ አሻራ አለ፣ የትንሽ ልጅ አውራ ጣት።
የእኔ ነው፤
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያለቀቀው።

መምህርት ወርቅያንጥፉ
(ስም አውጪዎቿ ወርቅ በዓይናቸው ሳያዩ ያለፉ)
ሦስተኛ «ለ»ን አስተምራ፣ ሌሎቹ ወደ ቤት ሲሰለፉ
እኔን ታስቀረኝ ነበር፣ የማባዣውን እጀታ እንዳዞር።
እሷ ስቴንስሉን ስትወጥር፣
እኔ ሳዞር፣ ማሽኑ ሲያጓራ፣
ካሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ተረት ይወጣል በየተራ።
ከፊት፦ «ባዶ ቦታውን ሙሉ»፤
ከኋላ፦ እንቁራሪቶች ሲዘሉ።

መሐንዲስ ሁኚ ተብላ ባሕር ማዶ ተልካ ነበር፣ በልጅነቷ፣
ታሊን ወደምትባል፣ በክረምት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ወደሚመሽባት።
እዚያ አንዲት አሮጊት አስተማሪ፣ የልጆች ተረት ጸሐፊ፣
ጓንቷ የተቀደደ፣ ቃሏ ቀጥታ፣ ለፍላፊ፣
«ቋንቋችንን የሚናገረው» አለቻት «አንድ ትልቅ ከተማ አይሞላም፤
ልጅ ካልሳቀበት ይሞታል። ለዚህ ነው የምጽፍ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።»
ምህንድስናውን ጥላ ተመለሰች።
ሰፈርተኛው እንደሚለው፣ በሻንጣዋ እርሳስ ብቻ ነው ያመጣች።

ወንዛችንን ታውቁታላችሁ፤ ያኔ ፋብሪካው ጨርቅ ሲነክር
የዕለቱን ቀለም ይደፋበት ነበር።
ሰኞ ሰማያዊ፣ ማክሰኞ ቀይ፣ ረቡዕ የብርቱካን ልጣጭ።
በተረቷም እንቁራሪቷ ወንዙ የለበሰውን ትለብሳለች፤
ማክሰኞ ቀይ ሆና፣ እየፎከረች ስትዘል፣ ከድንጋይ ላይ ወደቀች።

ይኼኔ ከቀበሌ አንድ ሰው መጣ፣ ደብተር አንጠልጥሎ፤
«ቀይ ሆና ሳለ ለምን ወደቀች?» ጠየቃት፣ «ጓድ መምህርት» ብሎ።
«ድንጋዩ አዳልጧት።»
ሌላ አልመለሰችም። ሁለት ሳምንት አሰሯት።
ስትፈታ ካቆመችበት ቀጠለች፦ የማባዛት ሠንጠረዥ፣ የሰባት።

ማተሚያ ቤቱም፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ መንግሥት ተለውጦ፣
«የልጅ መጽሐፍ ገበያ የለውም» አላት፣ ንግግሯን አቋርጦ።
አርባ ቅጂ። ከዚያ ሌላ የለም።
ጎርፍ ይብላው፣ አይጥ ይብላው፣ ባለ ሱቅ ይጠቅልልበት፣ አላውቅም።

ማታ ገጽ ሰባትን ለልጄ ለማዕዶት አነበብኩላት።
«ከዚያስ?» አለች።
ከዚያማ…
አርባ ጊዜ ያባዛሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ አዙሬ፤
መጨረሻው ግን ጠፍቶኝ ቀረ እስከ ዛሬ።

ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ሄድን፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣
ውኃ በጀሪካን የሚወጣበት፣ በተራ የሚጠበቅ።
ዓይኗ ደክሟል። ወረቀቱን አስጠጋች፣ አራቀች፤
«እዚህ ጋ አራት ነጥብ ጎድሏል፣ ፈጥነህ ነው ያዞርከው» አለች።
መጨረሻውስ? ስንላት
ለካ ለእሷም ጠፍቷታል። ሳቀች። ወደ ልጄ ዞረችና ጠየቀቻት፦
«ወንዙ ዛሬ ምን ቀለም አለው?»
«ጥቁር ነው።»
«ሰኞስ?»
«ጥቁር።»
«ማክሰኞ?»
«ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ ደግሞ ይሸታል።»
ዝም አለች። ከታች አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ይነፋል።

ከዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ እርሳስ መርጣ
ቀረጸች፤ የመብራት ደረሰኙን ገልብጣ
ነጩን ጎን ገፋችላት። «እንግዲህ፣ ከጥቁር ወንዝ ያለች እንቁራሪት
ቀለሟን ከየት ታምጣ?»
ማዕዶት የእርሳሱን ጫፍ ነከሰች፣ ምራቋን ውጣ።

ታክሲ እንዳናጣ ፈራሁ፤ «መሽቷል፣ እንሂድ» ብላቸው
ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ፣
ዝም አሰኙኝ።